የዲማ መንገዴና ያስተማረኝ ነገር

ብዙ ዘመን በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ የልጅነት ጉልበቴን ልፈትን ቢል ምን እንደሚያገኘው በገዛ ሰውነቴ ተምሬዋለሁ። ነገሩ የሚያስመሰግነኝ ስላልሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ከቤተ ሰቤና ከጥቂት ወዳጆቼ በቀር ለማንም ሳላወራው ኖርሁ። ነገር ግን በዕድሜ የሚመስሉኝ ሰዎች አንዱ ሩጫ፥ አንዱ ተራራ መውጣት፥ አንዱም ብስክሌት ሳይለማመድ በድንገት ሲጀምር እያየሁ ዝም ማለት፤ ወንድምን በገደል አፋፍ አይቶ እንደ ማለፍ ሆኖ ስለ ተሰማኝ የሆነውን ሁሉ ሳልሸሽግ ለመጻፍ ቈረጥሁ። አንባቢም ሥቆ ሲያበቃ ጥቂት እንዲያስብበት እለምናለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ዕድሜዬ 51 ነበር። የምኖረው በደብረ ማርቆስ ሲሆን ሥራዬም ከጧት እስከ ማታ ወረቀት ማገላበጥ ነበረ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር በአሜሪካ የሚኖር የእኅቴ ልጅ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በፎቶግራፉ ላይ ሜዳልያ በአንገቱ አጥልቆ፥ ላቡ በፊቱ ላይ ደርቆ ጨው ሆኖ፥ በሁለት ሰዎች ትከሻ ተደግፎ ይታያል። ከሥሩም «ጋሼ፥ ዋኝቼ፥ በብስክሌት ሄጄ፥ ሮጬ ጨረስሁ፤ ለዚህም አሥራ አራት ወር ተለማመድሁ» የሚል ቃል ጽፎበታል።

ይህ ዓይነት ውድድር ትራያትሎን ይባላል፤ ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሆኖ ሦስት ውድድር ማለት ነው። እጅግ ከባድ ከሆኑት አንዱ በሃዋይ በየካቲት 1970 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978) የተጀመረው ነው። የባሕር ኀይል መኰንን የነበረው ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ፤ ከዋናተኛ፥ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ማን ይበረታል የሚለውን ክርክር ለመቍረጥ አስበው ሦስቱን ባንድ ቀን አገናኟቸው። ተወዳዳሪው መጀመሪያ በባሕር ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ይዋኛል፤ ከዚያ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሙሉውን ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይሮጣል። በመጀመሪያው ዓመት 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ፤ አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ፈጀበት። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር ደግሞ በመንገድ ውሃ ስላለቀበት ረዳቶቹ ቢራ እንዳጠጡት ይነገራል። አጠር ያለው ዓይነት በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል፤ እርሱም 1500 ሜትር ዋና፥ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው።

ይህን ሁሉ ኋላ አነበብሁት እንጂ በዚያን ጊዜ ያየሁት «አሥራ አራት ወር» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ማኅበር በቤታችን ተጠጥቶ ስለ ነበረ ፎቶግራፉን ለእንግዶች አሳይቼ «ልጁስ ጐበዝ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ቀን መንገድ አሥራ አራት ወር ምን ያስለማምደዋል? አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋራ ከጎጃም ተነሥተው ስንቅና መሣሪያ ይዘው ዐድዋ ሲዘምቱ ማን አለማመዳቸው?» ብዬ ተናገርሁ። እንግዶቹም «እውነት ነው» አሉ። ባለቤቴ ግን ጠላ ለመቅዳት እንደ ቆመች በቀስታ «አባቶችዎ ወንበር አልነበራቸውማ» አለችኝ። ሁሉም ሣቀ። እኔም እንደ መሣቅ አልሁ፤ በልቤ ግን ተናደድሁ። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ለዚያ ሣቅ መልስ ለመስጠት እንደ ሆነ ዛሬ አምናለሁ።

የመንገዴን መድረሻ መምረጥ አላስቸገረኝም። የአባቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ሆነው በዲማ ይኖሩ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ በቢቸና በኩል ያለ የታወቀ የትምህርት ደብር ነው፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ሲሆን፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸውም ስሙን ከጎጃም ውጭ ያለው አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው አድርገዋል። እኒህ አጎቴ ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ ስለ ሆኑ እስከ መጨረሻው ድረስ የምጠራቸው የኔታ እያልሁ ነው። በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ሰው ልከው «ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ሳይጠፋ መጥተህ ልይህ» ብለውኝ ነበር። ሦስት ጊዜም «ሥራ በዛብኝ፤ ሲቀለኝ እመጣለሁ» የሚል መልስ ሰድጃለሁ። አሁን ግን ለመፎከር ምክንያት ባገኝ ሥራው ሁሉ ባንድ ቀን ቀለለልኝ።

አሳቤ ይህ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሉማሜ በአውራ ጐዳናው ላይ በልጄ ብስክሌት ልሄድ፤ ከሉማሜ ጀምሮ በእግሬ አቋርጬ የሙጋን ወንዝ በዋና ልሻገር፤ ቢቸና አድሬ በማግሥቱ ዲማ ልገባ። ልምምዴም ሦስት ማታ በከተማው ውስጥ በብስክሌት መዞር ብቻ ነበር። ለመንገዱም አዲስ ጫማ ገዛሁ። ባለቤቴ ይህን ባየች ጊዜ «ባይሆን በአሮጌው ጫማ ይሂዱ» አለችኝ፤ ይህንንም ምክሯን ንቄ ተውሁት።

በኅዳር ወር መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ብርዱ ጣት የሚያደነዝዝ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ በግራዬ የጮቄ ተራራ ራሱን በደመና ተከናንቦ ታየኝ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝም የጤፉ ማሳ ለአጨዳ ደርሶ ወርቅ ይመስላል። የመጀመሪያውን ሰዓት እየዘፈንሁ ሄድሁ። በሁለተኛው ሰዓት ዘፈኑ ቀረ። በሦስተኛው ሰዓት የብስክሌቱ ኮርቻ እንደ ጉማሬ አለንጋ ይገርፈኝ ጀመር፤ ዳገቱንም ወርጄ እየገፋሁ ወጣሁት። የሆነው ሆኖ ከጧቱ አራት ሰዓት ሲሆን ሉማሜ ደርሼ ብስክሌቱን ከአንድ ወዳጄ ቤት አኖርሁ። ወዳጄም «ዕረፍና ምሳ ብላ» ቢለኝ፤ ውሃ እንኳ በወጉ ሳልጠጣ ዐልፌ ሄድሁ።

ከሉማሜ ወዲያ ያለውን የእግር መንገድ ሁሉ ለመተረክ አላስብም፤ የሚተረከው የሙጋ ቍልቍለት ነው። ሰው ሁሉ ዳገት ይፈራል እንጂ ቍልቍለትን አይፈራም፤ እኔም ቍልቍለቱን ባየሁ ጊዜ ዕረፍት ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስወርድም በየርምጃው ጭኔ ሰውነቴን እያቆመ፥ ጕልበቴ እየተንቀጠቀጠ፥ የእግሬም ጣት በአዲሱ ጫማ አፍንጫ ላይ እየተጋጨ ወረድሁ። በመካከሉ በጀርባቸው እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ከኋላዬ መጥተው በባዶ እግራቸው ቀድመውኝ ወረዱ። ዞር ብለውም «ጌታው፥ አሞዎታል?» ብለው ጠየቁኝ። «ደኅና ነኝ እናቴ» አልኋቸው። እርሳቸውም «እግዜር ያበርታዎ» ብለው ሄዱ።

ወንዙ ደርሼ ልብሴንና ጫማዬን ጠቅልዬ በራሴ ላይ ካሰርሁ በኋላ ጥልቅ ከሆነው ባሕር ገባሁ። ውሃው ከጮቄ የሚወርድ ስለ ሆነ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ወርዱም ከአርባ ክንድ የሚበልጥ አልነበረም። በመካከሉ ግራ ባቴን ብርክ ይዞኝ አንድ ጊዜ ጠለቅሁና ውሃ ዋጥሁ፤ በብዙ መፍጨርጨር ማዶ ደረስሁ። እየተንቀጠቀጥሁ ልብሴን ስጨምቅ ሁለት እረኞች ልጆች ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበርና ታላቁ «ጋሼ፥ ወደ ታች ወረድ ቢሉኮ እስከ ጕልበት ብቻ የሚደርስ መሻገሪያ አለ» አለኝ። እንደዚህ ሆኖ የሦስቱን ውድድር የዋና ክፍል ፈጸምሁ።

የማዶውን ዳገት እየተቀመጥሁ እየተነሣሁ ወጥቼ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ቢቸና ከዘመድ ቤት ገባሁ። በዚያች ሌሊት ሁለት ጥፋት ጨመርሁ። አንደኛው ድካም ያወጣል ብዬ ሁለት መለኪያ አረቄ መጠጣቴ ነው፤ ሁለተኛውም ሐኪም ሳያዝዝልኝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን እየደጋገምሁ መዋጤ ነው። የጆን ደንባርን ቢራ ባነበብሁ ጊዜ የሣቅሁት ኋላ ነው፤ ሣቄም የራሴን አረቄ ባስታወስሁ ጊዜ ቀረ።

በማግሥቱ ከመደብ ለመውረድ ሰው ደገፈኝ። ጭኔ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፥ ሲነኩት የሚያስጮኽ ሆኖ ነበር። ዘመዶቼ በቅሎ ሊጭኑልኝ ቢሉ «ጀምሬ አልተውም» ብዬ በምርኩዝ ተነሣሁ። ለመንገደኛ ቀላል የሆነውን የዚያን ቀን መንገድ እኔ እንዴት እንደ ጨረስሁት በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ቁመው ሲያዩኝና ከእነርሱም አንዱ ሮጦ የኔታን ሲጠራቸው ነው።

የኔታ በትር እየመረኰዙ መጡና በእጃቸው ፊቴን ዳሰው «አንተ ልጅ፥ ማን አሳደደህ?» አሉኝ። እኔም በብስክሌትና በእግር፥ በዋናም እንደ መጣሁ በኩራት ነገርኋቸው። እርሳቸው ግን አላደነቁም። ወደ ቤታቸው አስገብተው ከተቀመጥሁ በኋላ ተማሪው ያመጣውን የሞቀ ውሃ ተቀብለው እግሬን ሊያጥቡኝ ጐንበስ አሉ። «የኔታ፥ ይህስ አይሆንም» ብዬ ልነሣ ብሞክር ጕልበቴ እንቢ አለኝ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ተንበርክከው በእጃቸው እየዳሰሱ የተላጠውን ተረከዜን ያጥቡ ጀመር። እያጠቡም «ከመጣህ ስንት ዓመት ሆነህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አሥራ አንድ ዓመት» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያስ አሥራ አንድ ዓመት በመንገድ ነበርህ ማለት ነው፤ በመጨረሻዪቱ ቀን ለምን ቸኰልህ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬም ድረስ መልስ አላገኘሁለትም።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወደ ውጭ ብወጣ ሽንቴ ጥቁር ቡና መስሎ አየሁት፤ መጠኑም እጅግ ጥቂት ነበር። ደንግጬ ለማንም ሳልናገር ተመልሼ ተኛሁ። የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው የአባቴን የልጅነት ነገር፥ አብረው በቆሎ ተማሪነት የተንከራተቱበትን አገር ሁሉ ያወሩልኝ ነበር፤ እኔ ግን በማቅለሽለሽና በሕመም ተይዤ እኩሌታውን አልሰማሁትም። ወደ ማታ የሚረዳኝ ተማሪ ሽንቴን አይቶ ኖሮ ለየኔታ ነገራቸው። እርሳቸውም ያን ጊዜ ቍጣ በተቀላቀለበት ድምፅ «በሽታን እንደ ሹመት ደብቀህ ልታቈየው ነው?» ብለው በቅሎ አስጭነው በሌሊት ወደ ቢቸና ሰደዱኝ፤ ከዚያም በመኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ተወሰድሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ደሜንና ሽንቴን አስመርምሮ ከመጣ በኋላ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ የገለጠልኝ ነገር ይህ ነው፤ ጡንቻ በልክ ሲሠራ ጥቂት ይጐዳና ሲያርፍ ከቀድሞው በርትቶ ይታደሳል። ከልክ ያለፈ ሥራ በድንገት ሲጫንበት ግን ሕዋሱ ይፈርስና በውስጡ ያለው ሚዮግሎቢን የሚባል ነገር ወደ ደም ይፈስሳል። ይህም በኩላሊት በኩል ሊወጣ ሲሞክር የኩላሊትን ቀጫጭን ቧንቧ ይዘጋል፤ ሽንትንም የሚያጠቍረው እርሱ ነው። ውሃ የጐደለው ሰውነት፥ አልኮልና ያለ ትእዛዝ የተዋጠ ማስታገሻ ጉዳቱን ያከብዱታል፤ እኔም ሦስቱን በአንድ ላይ ሰብስቤያቸው ነበር። ከዚህም ሌላ በቍልቍለት ጊዜ ጡንቻው እየተሳበ ሸክም ስለሚያቆም ከዳገት ይልቅ የሚጐዳው ቍልቍለት እንደ ሆነ፤ ሕመሙም በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቈይቶ እንደሚበረታ ነገረኝ።

ይህ በሽታ በሚገባ የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ለንደን በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ በፈረሰ ቤት ሥር ብዙ ሰዓት ተጭነው የቈዩ ሰዎች በሕይወት ከወጡ በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ይሞቱ ነበር። ባይወተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች በ1933 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1941) ነገሩን መርምረው በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ጻፉት። በእነዚያ ላይ ቤት ፈርሶባቸው ነበር፤ እኔ ግን ቤቱን በገዛ እጄ በራሴ ላይ አፈረስሁት።

ስድስት ቀን በክንዴ ላይ መርፌ ተተክሎ ጕሉኮስና የጨው ውሃ ሌትና ቀን ይፈስስልኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሐኪሙ ለባለቤቴ «ሽንቱ ካልጨመረ ደም የሚያጣራ መኪና ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ መላክ ይኖርብናል» ብሏት ኖሮ ለኔ ሳትነግረኝ የምትሸጠውን ወርቅ ቈጥራ በመሐረብ ቋጥራ አስቀምጣ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከዳንሁ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ መጨመር ጀመረ፤ ቀለሙም ከቡና ወደ ጠላ፥ ከጠላም ወደ ጠጅ እየተለወጠ ሄደ። ባለቤቴ በየሰዓቱ መጠኑን በወረቀት ላይ ትጽፍ ነበር። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ጽፌአለሁ፤ ከዚያ ወረቀት የሚበልጥ የከበረ መዝገብ ግን አላየሁም። «አላልሁዎትም ነበር?» የሚለውን ቃልም አንድ ጊዜ እንኳ ከአፍዋ አልሰማሁም።

ወደ ሥራዬ በተመለስሁ ጊዜ የነበረውን ደግሞ ለወዳጆቼ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ልንገር። የጽሕፈት ቤታችንን ደረጃ ስወጣ እምብዛም አልታመምም፤ ስወርድ ግን ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ እንደ ሕፃን ኋልዮሽ እወርድ ነበር። አንድ ቀን የበላዬ በድንገት ቢገቡ ለአክብሮት ልነሣ ሞክሬ ጕልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ እኩል ተነሥቼ እኩል ተቀምጬ ቀረሁ። እርሳቸውም ደግ ሰው ስለ ነበሩ «ይቀመጡ፥ ይቀመጡ» አሉኝ። የስድስት ጣቶቼ ጥፍር ጠቍሮ አንድ በአንድ ወደቀ፤ እስኪበቅልም ወደ ዓመት ቈየ። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ድካሙ ነበር፤ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ከቤቴ እስከ ጽሕፈት ቤቴ ያለውን አጭር መንገድ ስሄድ ሁለት ጊዜ እቀመጥ ነበር።

በዚህ የዕረፍት ወራት ፉከራዬን መለስ ብዬ መረመርሁት። አባቶቻችን ሳይለማመዱ ይሄዱ ነበር ያልሁት ትልቅ ስሕተት ነው። እነርሱ በእግራቸው ገበያ እየወረዱ፥ እርሻ እያረሱ፥ ከብት እየጠበቁ ከልጅነት እስከ እርጅና በየቀኑ ይለማመዱ ነበር፤ ልምምድ የሚል ስም ስላልሰጡት አልነበረም ማለት አይደለም። በሙጋ ቍልቍለት የቀደሙኝ እናት ምናልባት አርባ ዓመት ተለማምደዋል። የቆሎ ተማሪዎችም ሩቅ አገር አቋርጠው ዲማ የሚገቡት ከደብር ደብር እያደሩ፥ እየዋሉ፥ እየለመኑ ቀስ ብለው ነው። ባለቤቴ «ወንበር አልነበራቸውም» ያለችው ሐኪሙ ከነገረኝ ሁሉ ያጠረና የተሟላ ትምህርት ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላንም እናስታውስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም በባዶ እግሩ ነበር። ይህ በዓለም ሁሉ ስለ ተወራ እኛም ልጆቻችንን ስናስተምር ባዶ እግሩን ደጋግመን እናነሣለን። ነገር ግን ያለ ጫማ ሮጠ ይባላል እንጂ ያለ ልምምድ ሮጠ የሚል የለም፤ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ብዙ ደክሟል። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንት ቢሆነውም፤ ያቆመው ዓመታት የተከማቸ ልምምዱ ነበረ። እኔ ግን ያልዘራሁትን ልሰበስብ ተነሣሁ።

ስለዚህ በዕድሜ ገፋ ያልህ፥ ሥራህም የመቀመጥ የሆነ ወንድሜ ሆይ፤ ሰውነትህን አታንቀሳቅስ አልልህም፤ መቀመጥም የራሱ ሞት አለው። የምልህ ጀማሪ መሆንህን አትርሳ ነው። በፊት ሐኪም ይይህ፤ ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ከጓደኛህ ጋራ እየተጫወትህ ሳታለከልክ መሄድ የምትችለውን ያህል ብቻ ሂድ፤ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት ጨምርበት። ቍልቍለትን ከዳገት አብልጠህ ፍራው፤ በአጭሩም ተለማመደው። በአዲስ ጫማ ሩቅ መንገድ አትውጣ። ውሃ በጥማትህ ልክ ጠጣ፤ ከልክ አልፎ መጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ ሰው እንደሚገድል ዕወቅ። ከድካም በኋላ አረቄን እንደ መድኃኒት አትቍጠረው፤ ክኒንም በራስህ ፈቃድ አትዋጥ። ሽንትህ ቢጠቍር አንዲት ሰዓት ሳታሳልፍ ወደ ሐኪም ቤት ሂድ፤ አትደብቀው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት የሠሩልን ሰዎች የጡንቻን ነገር ሳያውቁ አልቀሩም።

እኔም በሚያዝያ ወር ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ በቀን ሩብ ሰዓት በመሄድ ጀመርሁ። በዓመቱ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ያለ ድካም የሁለት ሰዓት መንገድ መሄድ ቻልሁ። ያን ጊዜ ከባለቤቴ ጋራ ወደ ዲማ ሄድን፤ ነገር ግን እስከ ቢቸና የሄድነው በመኪና ነው። የኔታ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። እጄን ይዘው «ዛሬስ ማንም አላሳደደህም?» አሉኝ። አራት ቀን ተቀመጥን። ባለፈው ዓመት በሕመም ውስጥ ሆኜ ያልሰማሁትን የአባቴን ነገር እንደ ገና እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ከመጀመሪያው ጀምረው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ፤ ባለቤቴም በደብተር ጻፈችው።

የኔታ በተከታዩ ክረምት ዐረፉ። ያ ደብተር በቤታችን ከዳዊቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ልጆቻችንም ያነብቡታል። ከሦስቱ ውድድር ያገኘሁት ሜዳልያ የለም፤ የቀረልኝ በግራ እግሬ አውራ ጣት ላይ ጠማማ ሆኖ የበቀለ አንድ ጥፍር ነው። በየጧቱ ካልሲዬን ሳጠልቅ አየዋለሁ፤ ወዲያውም የላከብኝ ዘመድ፥ ያላየሁት ሽማግሌ፥ ሥራ በዛብኝ ብዬ የመለስሁት ሰው እንዳለ አስባለሁ። ካለም መንገዱን በዚያው ሳምንት እጀምረዋለሁ፤ ስሄድ ግን ቀስ ብዬ ነው።